የጋራ መዝገብ ቤትና የወጣቱ ሠራተኛ አደራ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ያባቶቻችን ምሳሌ በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ዘወትር ሲጠቀስ እንሰማዋለን። እኛም ምሳሌውን እንወደዋለን። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠራውን ስንመለከት፥ ከዚህ ምሳሌ ጎን አንድ ሌላ ነገር መጨመር እንደሚያስፈልግ ተገንዝበናል። በጽሑፍ ያለ ነገር የሚወረሰው የት እንደ ተቀመጠ የታወቀ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ተጽፎ የት እንደ ገባ ያልታወቀ ሰነድ በቃል ካለው ነገር አይሻልም፤ እንዲያውም ሰው «ተጽፏል» ብሎ ልቡን ስለሚጥልበት ጉዳቱ የባሰ ነው።

ዛሬ ለተማሪዎችና በቅርቡ ሥራ ለያዙ ወጣቶች ልናወጋ ያሰብነው ስለዚሁ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ብዙ ሰዎች በጋራ የሚጠቀሙበት የሰነድ ማኅደር እንዴት እንደሚደራጅ፥ እንዴትስ እንደሚጠበቅ ነው። ነገሩ ደረቅ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፥ ቀጥሎ የምንተርከውን አንድ ታሪክ እስኪጨርስ ድረስ እንዲታገሠን እንለምነዋለን።

አራቱ ዓመት የት ገባ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ስሙን ለመጥቀስ በማንፈልገው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሌላ ጉዳይ ተራችንን ስንጠብቅ፥ አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ጡረታ የሚወጡበት ጊዜ ደርሶ የአገልግሎት ዘመናቸው ሲቆጠር አራት ዓመት ጎድሎ ተገኝቷል። እነዚያን አራት ዓመታት ያገለገሉት ከዋናው ከተማ ርቆ በሚገኝ ቅርንጫፍ ነበር፤ የቅጥር ደብዳቤያቸውም በዚያን ጊዜ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተልኮ ነበር። የጡረታ አበል የሚታሰበው በአገልግሎት ዘመን ልክ ስለሆነ፥ አራት ዓመት ጎደለ ማለት በየወሩ ከሚገባው እንጀራ ላይ ለዕድሜ ልክ አንድ ቁራሽ ተቀነሰ ማለት ነው።

መሥሪያ ቤቱ የድሮ ወረቀቶቹን ሁሉ በስካነር እያነሣ ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ፥ ወረቀቶቹን በመጋዘን ዘግቶባቸዋል። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ወጣት ጨዋ ልጅ ነበር። የሽማግሌውን ስም በኮምፒዩተሩ ላይ ጽፎ ፈለገና፦

«አባባ፥ አልተገኘም» አላቸው።

«ልጄ፥ እኔ በገዛ እጄ ፈርሜ የተቀበልኩት ደብዳቤ ነው።»

«ምን ላድርግ አባባ፤ ኮምፒዩተሩ የለም ይላል።»

ለዚሁ ጉዳይ ሲመጡ ይህ አራተኛ ጊዜያቸው እንደ ነበረ ከንግግራቸው ተረዳን። በዚህ ጊዜ በመዝገብ ቤት ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንዲት ሴት ሌላ ፋይል ለመውሰድ ገብተው ኖሮ ነገሩን ሰሙና፦

«ስማቸውን በየትኛው ሀ ነው የጻፍከው?» ሲሉ ወጣቱን ጠየቁት።

«ያው ሀ ነዋ እትዬ፤ በሃሌታው።»

«የሳቸው እኮ በብዙኃኑ ኃ ነው። ያን ጊዜ በቅርንጫፉ የነበረው ጸሐፊ የቤተ ክህነት ተማሪ ስለ ነበረ ፊደል አይስትም ነበር። እስቲ እንደሱ አድርገህ ፈልገው።»

ወጣቱም እንደ ተባለው ቢፈልግ ደብዳቤው ወዲያው ወጣ። የተቀመጠውም «ስካን አዲስ 3» በተባለ ፎልደር ውስጥ፥ ከመኪና ጥገና ደረሰኞች መካከል ነበር። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ አልተደሰቱምም። ባጠገባቸው በነበረው ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ወጣቱ ግን አንገቱን ደፋ።

እኛም በዚያ ቀን አንድ ነገር ተምረን ወጣን። «አልተገኘም» ማለትና «የለም» ማለት ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሁለቱ ቃላት እንደ አንድ በሚቆጠሩበት መሥሪያ ቤት የሚጎዳው ሰነዱ ሳይሆን ሰው ነው።

አባቶቻችን ሰነድን እንዴት ይጠብቁ ነበር?

በአገራችን ሰነድን በጋራ ማስቀመጥ ትናንት የመጣ ጥበብ አይደለም። የርስትና የጉልት ጉዳይ በታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር፤ እንዲህ ያለውም መጽሐፍ ወንጌል ዘወርቅ ይባላል። ይህ የሆነው ብራና ስለ ጠፋ አይመስለንም። መጽሐፉ ያለበት ቦታ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ተለይቶ ተሹሟል፤ የተጻፈውን ለመፋቅ የሚደፍር አይገኝም፤ ክርክር የተነሣ እንደ ሆነም ወጥቶ በምስክር ፊት ይነበባል። አስተዋይ አንባቢ እነዚህን አራት ነገሮች በልቡ እንዲይዛቸው እንለምናለን። የታወቀ ቦታ፥ የታወቀ ጠባቂ፥ የማይፋቅ ጽሑፍ፥ በተፈለገ ጊዜ መገኘት፤ ዛሬም ቢሆን የመልካም ማኅደር ሕግ ከነዚህ አራቱ አይወጣም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙ ጊዜ ከሚኒስቴሮቹ አንዱ የጽሕፈት ሚኒስቴር ነበር። በ1936 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝቡ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ተቋቋመ። ስሙን ልብ ብለን ብንመለከተው መጻሕፍትንና መዘክርን፥ ማለት መታሰቢያ የሆነውን ሰነድ፥ በአንድ ጣራ ሥር ለመጠበቅ የታሰበ መሆኑን እንረዳለን። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 179ም የብሔራዊ ቤተ መዛግብትንና ቤተ መጻሕፍትን ሥራ በሕግ የሚወስን ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ የነበረው መዝገብ ቤትም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ደብዳቤ በገባ ጊዜ ቀንና ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከማን እንደ መጣ፥ ጉዳዩ ምን እንደ ሆነና ወደ የትኛው ክፍል እንደ ተመራ በገቢ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ከዚያም ከጉዳዩ ፋይል ጋር ተያይዞ ወደ ሹሙ ይቀርባል። የሚወጣውም ደብዳቤ እንዲሁ በወጪ መዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ግልባጩ በፋይሉ ይቀራል። ተላላኪውም በማስረከቢያ ደብተር ላይ አስፈርሞ ያስረክባል። ሥርዓቱ አዝጋሚ ነበር ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን ፋይሉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚጠየቅ ሰው ነበረ።

ዛሬ ምን ተለወጠ?

ዛሬ ደብዳቤው የሚጻፈው በኮምፒዩተር ነው። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው የሚሄደውም ብዙ ጊዜ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ነው። በዚህ መንገድ አንዱ ሰነድ በአንድ ቀን ውስጥ ሰባትና ስምንት ሆኖ ይበተናል፤ አንዱ በጸሐፊዋ ኮምፒዩተር፥ አንዱ በኃላፊው ስልክ፥ አንዱ በፍላሽ፥ አንዱም ሥራ በለቀቀ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል። ከነዚህ ውስጥ ትክክለኛው የትኛው ነው ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ ግን መልስ የሚሰጥ አይገኝም።

የጋራ ማኅደር የሚባለው ዘዴ ለዚህ ችግር መድኃኒት እንዲሆን የተሠራ ነው። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ሼርፖይንት ብሎ የሰየመውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ጉግል ድራይቭ የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። በራሱ ግቢ ውስጥ ባኖረው ሰርቨር የሚጠቀም መሥሪያ ቤትም አለ። ስማቸው ቢለያይም አሳባቸው አንድ ነው። ሰነዱ በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ፈቃድ ያለው ሁሉ ከየወንበሩ ሆኖ ያየዋል፤ በሼርፖይንትና በመሰሎቹም ማን መቼ እንዳሻሻለው መሣሪያው ራሱ ይመዘግባል። በሌላ አነጋገር ወንጌል ዘወርቅ ወደ ኮምፒዩተር ገባ ማለት ነው።

ይሁንና መሣሪያው ሥርዓትን ይጠብቃል እንጂ ሥርዓትን አይፈጥርም። የተዘበራረቀ ቁም ሣጥን ወደ ኮምፒዩተር ቢገባ የተዘበራረቀ ኮምፒዩተር ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች ሰባት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፦ አከፋፈሉ በሥራው እንጂ በሰው ስም አይሁን

በብዙ መሥሪያ ቤቶች ማኅደሩን የከፈትን እንደ ሆነ የምናገኘው «የአቶ እገሌ» «የወይዘሮ እገሊት» የሚል የፎልደር ሰልፍ ነው። ሰው ግን ይዛወራል፥ ያድጋል፥ ጡረታ ይወጣል፤ ሥራው ግን ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ኢሶ 15489 የተባለው ዓለም አቀፍ የመዛግብት አያያዝ ደረጃም ሰነድ መሥሪያ ቤቱ ከሚሠራው ሥራ ጋር ተያይዞ እንዲመደብ የሚመክር ነው።

ስለዚህ 01 አስተዳደር፥ 02 የሠራተኛ ጉዳይ፥ 03 ግዢ፥ 04 ሒሳብ፥ 05 ንብረት እያሉ መጀመር ይቻላል። ቁጥሩ ከፊት የገባበት ምክንያት ኮምፒዩተሩ በፊደል ተራ ሳይሆን እኛ በፈለግነው ተራ እንዲያሰልፋቸው ነው። በነዚህም ሥር ክፍልፋይ ይኖራል፤ ነገር ግን ከሦስትና ከአራት ደረጃ በላይ መውረድ አይገባም። ፎልደር በፎልደር ውስጥ እየከተቱ መሄድ ሰውን ማሰልቸት ብቻ ሳይሆን መሣሪያውንም ያስቸግራል፤ በሼርፖይንት የመንገዱ ስምና የፋይሉ ስም ተደምሮ ከ400 ፊደል ሊያልፍ አይችልም። እንዲሁም በአንድ ቦታ ከ5,000 በላይ ሰነድ የተከመረ እንደ ሆነ ዝርዝሩን አጣርቶ ለማየት ችግር ይፈጠራል።

ሁለተኛ፦ ስም አወጣጥ

«ደብዳቤ 1» «አዲስ ሰነድ» «ሪፖርት የተስተካከለ» የሚሉ ስሞች ለጻፋቸው ሰው እንኳ ከሳምንት በኋላ ምንም አይነግሩትም። መልካም ስም ሦስት ነገሮችን ይይዛል፤ ቀኑን፥ የሰነዱን ዓይነትና ጉዳዩን። ለምሳሌ «2017-03-05 ቃለ ጉባኤ የግዢ ኮሚቴ» ያልነው እንደ ሆነ፥ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የተደረገ የግዢ ኮሚቴ ስብሰባ መሆኑ ሰነዱ ሳይከፈት ይታወቃል። ዓመቱ ፊት፥ ወሩ ቀጥሎ፥ ቀኑ መጨረሻ ሲሆን፥ ወርና ቀንም ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ሲጻፉ ሰነዶቹ በራሳቸው ጊዜ በዘመን ተራ ይሰለፋሉ። ጳጉሜንም 13 ሆና በቦታዋ ትገኛለች።

እዚህ ላይ የኛ አገር ሠራተኛ ከሌላው ይልቅ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ጉዳይ አለ። እኛ በሁለት የዘመን አቆጣጠር የምንሠራ ሰዎች ነን። የአውሮፓውያኑ ዘመን ከኛ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይቀድማል። የበጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል እንጂ መስከረም 1 ቀን አይደለም፤ የ2017 የበጀት ዓመት የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ «የ2017 ሪፖርት» ተብሎ የተጻፈ ስም ሦስት የተለያዩ ዘመናትን ሊያመለክት ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጽፍ አንድ ጊዜ ወስኖ፥ ውሳኔውን በማኅደሩ በር ላይ ሊጽፈው ይገባል። የበጀት ዓመት ሲሆንም «በጀት 2017» ብሎ መለየት ነው።

ሌላም ትንሽ ግን አስቸጋሪ ነገር አለ። እኛ በአጽሕሮተ ቃል መ/ቤት፥ ወ/ሮ፥ ገ/ማርያም፥ ዓ/ም እያልን በዝባዝ መስመር መጻፍ ለምደናል። ዊንዶውስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ግን ይህን ዝባዝ መስመር በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም። ወጣቱ ሠራተኛ ስሙን ጽፎ እምቢ ሲለው አንዱ ያለ መስመር ገማርያም፥ ሌላው በሰረዝ ገ-ማርያም፥ ሦስተኛው ገብረ ማርያም ብሎ ያስቀምጠዋል። አንዱ ሰው ሦስት ሰው ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ስምን ሳያሳጥሩ በሙሉ መጻፍ ይሻላል።

ሦስተኛ፦ የፊደል ነገር

በታሪካችን የተጠቀሱትን አዛውንት አራት ጊዜ ያመላለሳቸው ይኸው ነው። በአማርኛ ንግግር ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠም እንዲሁ። አልፋው አና ዐይኑ ዐ፥ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀም እንደዚሁ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዳቸው የተለያየ ፊደል ናቸው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ በዓለም ኮምፒዩተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ታዲያ «ሥራ» ተብሎ የተጻፈውን «ስራ» ብለን ብንፈልገው፥ መሣሪያው ሁለቱ አንድ መሆናቸው ካልተነገረው በቀር «አልተገኘም» ይለናል። ውሸቱን አይደለም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

ከዚያ በፊት የተጻፈው ሰነድ ደግሞ የባሰ ችግር አለበት። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው ለፊደላችን የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለ ነበረ፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰነድ በማኅደሩ ውስጥ ያለው መሥሪያ ቤት፥ መጻፊያው ያለበት የመጨረሻው ኮምፒዩተር ሳይበላሽ ወደ ዩኒኮድ ሊያስለውጠው ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

በስካነር ስለሚነሣውም ወረቀት እንዲሁ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ስካን የተደረገ ወረቀት ፎቶግራፍ ነው። ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን ያሳየናል እንጂ ፊደሉን አንብቦ አይፈልግልንም። ፊደል ለቃሚ ፕሮግራም ለአማርኛም ተሠርቷል፤ ነገር ግን የደበዘዘ ማኅተም ያለበትንና በእጅ የተጻፈውን ስለሚያሳስት፥ ስሙንና ቁጥሩን ሰው ራሱ አይቶ ሊጽፈው ያስፈልጋል።

ለዚህ ሁሉ ቀላሉ መፍትሔ ቁጥር ነው። ስም በብዙ ፊደል ይጻፋል፤ የሠራተኛው መለያ ቁጥር ወይም የደብዳቤው ቁጥር ግን በማንም እጅ ቢጻፍ ያው ነው። የጥንቱ መዝገብ ቤት ሹም ለወረቀቱ ሁሉ ቁጥር ካልሰጠሁ ብሎ ሲሟገት ያለ ምክንያት አልነበረም።

አራተኛ፦ አንድ ሰነድ፥ አንድ ቦታ

«የመጨረሻ» «የመጨረሻ የተስተካከለ» «የመጨረሻ በእውነት የመጨረሻ» እየተባለ የሚጠራ ረቂቅ ያላጋጠመው ሠራተኛ ያለ አይመስለንም። ነገሩ ያስቃል፤ ነገር ግን ከሦስቱ ያልተስተካከለው ማኅተም ተደርጎበት የወጣ ዕለት ማንም አይስቅም።

በጋራ ማኅደር ግን በሰነዱ ላይ ሰነድ መደራረብ አያስፈልግም። መሣሪያው የቀድሞውን መልክ ሁሉ በታሪክነት ይይዛል፤ በሼርፖይንት እንደ ልማድ እስከ 500 የሚደርስ የእርማት ታሪክ ይቀመጣል። ትናንት የጠፋውን አንቀጽ ዛሬ መመለስ ይቻላል። ስለዚህ ለጓደኛችን ሰነድ ማሳየት ስንፈልግ ግልባጩን በቴሌግራም ከመስደድ ይልቅ፥ ሰነዱ ያለበትን አድራሻ ብንልክለት ሁለታችንም አንዱን ሰነድ እናያለን። ሁለት ሰዎች ባንድ ጊዜ እንዳይነካኩት ከተፈለገም አንዱ «ወስጃለሁ» ብሎ የሚይዝበት መንገድ አለው፤ ይህም ያው የጥንቱ የማስረከቢያ ደብተር ነው።

አምስተኛ፦ ማን ያያል? ማንስ ይጽፋል?

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። በሩ ለሁሉ የተከፈተ ማኅደርም እንደዚሁ ነው። የሠራተኛው የሕክምና ማስረጃ፥ የዲሲፕሊን ክስ፥ የደመወዝ ዝርዝር ለመላው መሥሪያ ቤት ሊታይ አይገባም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ይህን ጉዳይ ከጨዋነት አልፎ የሕግ ግዴታ አድርጎታል። በሌላ በኩል በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ሕዝቡ በመንግሥት እጅ ያለ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። እንግዲህ መሥሪያ ቤቱ ሁለት አደራ አለበት። የሚዘጋውን መዝጋት፥ የሚከፈተውንም መክፈት። ሁሉን መዝጋት ጥንቃቄ አይደለም፤ ሁሉን መክፈትም ደግነት አይደለም።

ፈቃዱም የሚሰጠው ለሥራው መደብ እንጂ ለግለሰቡ ባይሆን ይመረጣል። «የግዢ ክፍል ሠራተኞች» የሚል ቡድን አንድ ጊዜ ከተሠራ፥ ሰው ሲዛወር ስሙን ከቡድኑ ማውጣት ብቻ ይበቃል። የይለፍ ቃል ተዋውሶ መሥራት ግን ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ ጥፋቱን የሠራው ማን እንደ ሆነ አይታወቅምና።

ስድስተኛ፦ መጠበቅና ማስወገድ

ማኅደር የቆሻሻ መጣያ አይደለም። የስብሰባ ጥሪና የቅጥር ደብዳቤ እኩል ዘመን አይጠበቁም። የትኛው ሰነድ ለአንድ ዓመት፥ የትኛው ለአሥር ዓመት፥ የትኛው ለዘለዓለም እንደሚቀመጥ በዝርዝር መጻፍ አለበት። ጊዜው ሲደርስም የሚወገደው በኮሚቴ ውሳኔና በቃለ ጉባኤ እንጂ አንድ ሰው «ቦታ አጣበበ» ብሎ ስለ ሰረዘው መሆን የለበትም። በስሕተት የተሰረዘ ሰነድ በሼርፖይንት መጣያ ውስጥ 93 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከዚያ ስፍራ አይገኝም።

ከዚህም በቀር ኤሌክትሪክ የሚጠፋበት፥ ኢንተርኔትም የሚቋረጥበት ቀን መኖሩን የማያውቅ የለም። ዕቃም ይሰረቃል፤ ይቃጠላልም። ስለዚህ ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ፥ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፥ አንዱም ከግቢው ውጭ ይሁን ይላሉ። ቅጂው መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ አልፎ አልፎ ተከፍቶ መታየት አለበት። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

ሰባተኛ፦ ባለ አደራው ማን ነው?

የሁሉ የሆነ ነገር የማንም እንዳልሆነ ሆኖ ይቀራል። ለጋራ ማኅደር ስሙ የታወቀ አንድ ጠባቂ ያስፈልገዋል። የኮምፒዩተር ባለሙያው ማሽኑን ይጠብቅ፤ ሰነዱን የሚጠብቀው ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሊሆን ይገባል። እርሱም በየወሩ ያለ ቦታቸው የገቡትን ወደ ቦታቸው ይመልሳል፤ አዲስ ለተቀጠረው ሠራተኛ ደንቡን ያስተምራል፤ የሚለቀውም ሠራተኛ ወንበሩንና ቁልፉን ሲያስረክብ በግል ኮምፒዩተሩ ያለውን የመሥሪያ ቤት ሰነድ አብሮ እንዲያስረክብ ያደርጋል። በርክክብ ቅጽ ላይ ጠረጴዛና ወንበር ተቆጥሮ፥ የአምስት ዓመት ሥራ የያዘው ማኅደር ሳይቆጠር የሚቀርበት ምክንያት አይገባንም።

ስለሚነሡት ምክንያቶች ጥቂት

ይህን ስንናገር «ጊዜ የለንም» የሚሉን ወዳጆች አሉ። እስቲ እንቁጠረው። አሥር ሠራተኞች ያሉበት ክፍል እያንዳንዱ በቀን ሩብ ሰዓት ብቻ ሰነድ ሲፈልግ ቢያባክን፥ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል፥ በአምስት ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይህም ከአንድ ሰው የአንድ ቀን ተኩል ሥራ የበለጠ ነው። ጊዜ የሌለው እንግዲህ ማን ነው?

«እኔ የት እንዳስቀመጥኩት አውቀዋለሁ» የሚሉም አሉ። እናምናቸዋለን። ነገር ግን ሰው ይታመማል፤ ፈቃድ ይወጣል፤ ይሞታልም። በአንድ ሰው ልብ ብቻ የሚታወቅ ሥርዓት ያው በቃል ያለ ነው፤ ስለዚህ ይረሳል።

ሌሎች ደግሞ «አዲስ የመጣው ብልህ ኮምፒዩተር ሁሉን ፈልጎ ያገኝልናል» ይላሉ። መሣሪያው በየጊዜው እንደሚሻሻል እናውቃለን፤ እንደሰታለንም። ቢሆንም ሦስት የተለያዩ ረቂቆችን ከነማኅተም አልባ ገጻቸው ያገኘ ማሽን፥ መሥሪያ ቤቱ ያጸደቀው የትኛው እንደ ሆነ ሊነግረን የሚችለው እኛ አስቀድመን ለይተን ያስቀመጥነው እንደ ሆነ ነው። ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፥ ሥሩ የኛ እጅ ነው።

ለወጣቶች የምንለው

ወጣቱ ሠራተኛ ኮምፒዩተሩን ከታላላቆቹ ይልቅ እንደሚያውቀው አይካድም። በመዝገብ ቤት ዘመናቸውን የፈጁት እናቶችና አባቶች ግን ሰነዱን ያውቁታል። እኒያ ሴት በዚያ ቀን «በየትኛው ሀ?» ብለው የጠየቁት ጥያቄ በማንኛውም መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አልተጻፈም ነበር። ጡረታ ሳይወጡ በፊት ቀርቦ መጠየቅ፥ የሚናገሩትንም ጽፎ መያዝ የወጣቱ ፈንታ ነው። ሁለቱ እውቀት በተገናኘ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ይቃናል።

ሁሉን ባንድ ቀን እናስተካክል ማለትም አያስፈልግም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ይህን ያነበበ ወጣት ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሲገባ፥ ከፎልደሮቹ ሁሉ «አዲስ» ወይም «ልዩ ልዩ» የሚል ስም ያለውን አንዱን ብቻ ይክፈትና፥ በውስጡ ካሉት ሰነዶች አሥሩን ትክክለኛ ስምና ትክክለኛ ቦታ ይስጣቸው። ማክሰኞም አሥር፥ ረቡዕም አሥር። ምናልባት ከነዚያ አሥሩ ውስጥ አንዱ፥ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በአንዱ መስኮት ፊት የቆመ የአንድ ሰው አራት ዓመት ሊሆን ይችላል።